አክብሮት ስንት ሰው ነው?

ማክሰኞ፣ የጥር ወር አጋማሽ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ ኦስሎ፣ ፉሩሴት፣ ሰባተኛ ፎቅ። የባለቤቴን የሥራ ፈቃድ ማመልከቻ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ለወኪሏ፣ ማለትም ለእኔ፣ አንድ ጥያቄ ላከ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በቀረበው የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ የተዘረዘረውን ምርምር ያከናወኑት ብዙ ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ እነማን ናቸው? የአመልካቿስ ድርሻ የትኛው ነው? በሦስት ሳምንት ውስጥ ያስረዱ።»

ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ዜና ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ነጥብ አድርጌ ለአርታኢዬ አስረክቤ ምሳዬን እበላ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ሪፖርተር ሆኜ ስሠራ ሁለት ነገር ተምሬያለሁ፤ አንደኛው ያላጣራሁትን አለመጻፍ፣ ሁለተኛው አለመደንገጥ። የጎርፍ ዜና ውሃው ጉልበቴ ድረስ ደርሶ አስተላልፌአለሁ። ሚኒስትር ስልክ ዘግቶብኛል። አልደነገጥኩም። ይህን ጥያቄ ሳነብ ግን የያዝኩት ሻይ ጭኔ ላይ ተደፋ። ሻዩ ትኩስ እንደነበር አረጋግጫለሁ።

ባለቤቴ ዶክተር ሰናይት ትባላለች። ደሴ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ቁንጭርን ታጠናለች። ቁንጭርን ደጋ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ወጥቶ ወራት የሚከርም፣ ሲድንም ጠባሳውን ትቶ የሚሄድ ቁስል ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚሉት፣ ከትንኝ የሚያንስ፣ ሲበር ድምፅ የሌለው ፍጡር ነው። ይህ ዝንብ ሽኮኮ ባለበት ገደል፣ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ባለቤቴ የጎልማሳነት ዕድሜዋን ያሳለፈችው በሽኮኮ ደጅ ዘይት የተቀባ ወረቀት ዘርግታ ዝንብ እስኪጣበቅላት በመጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ የእኔን ያሳለፍኩት እሷን በመጠበቅ ነው። ወረቀቱም ዘይቱም የለኝም።

እኔ ከአገር ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ለምን እንደወጣሁ እዚህ አልገባበትም። ወደ አገር መመለስ የማይችል ሰው ስለሆንኩ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ናይሮቢ ላይ ተገናኝተናል። ሁለቱንም ጊዜ ግማሹን ቀን ተለማመድን፤ ልክ ስንለምድ ሻንጣ አነሳን። ከዚያ በቀር ትዳራችን ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፌ አቆመዋለሁ፤ እሷም እዚያ ማዶ የሆነ ነገር ላይ ታስደግፈዋለች፤ ከጀርባዋ የናሙናዎቹ ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል። ኔትወርክ ተቋርጦ ፊቷ ቀጥ ብሎ ሲቀር አልዘጋውም። አንዳንዴ አንድ ዓይኗ ተከድኖ፣ አፏ ግማሽ ቃል ላይ ተከፍቶ ይቀራል። እስክትመለስ ያንን አያለሁ።

ለምን በቤተሰብ ፈቃድ አላመጣኋትም? ጠይቄያታለሁ። «እኔ በሻንጣህ ውስጥ ተጠቅልዬ የምገባ ዕቃ አይደለሁም» አለችኝ። «ከመጣሁ በሥራዬ ነው የምመጣው። ካልሆነ ከሽኮኮዎቼ ጋር ተስማምቼ እኖራለሁ።» ይህን ስትል አልቀለደችም፤ ሽኮኮዎቹን እንደምትወድ አውቃለሁ።

በመጨረሻ ኦስሎ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ጽሑፎቿን አንብቦ ሥራ ሰጣት። ኖርዌይ ውስጥ ሽኮኮ የለም። ደሴ የሌለ ማይክሮስኮፕ ግን አለ፤ እኔም አለሁ። ቤተ ሙከራው ቦታውን የሚያቆይላት እስከ ፋሲካ ብቻ ነበር። ፋሲካ ስል የእነሱን ነው። የእኛ በዚያ ዓመት ወር ገደማ ይዘገይ ነበርና፣ የቤተ ሙከራዋን ኃላፊ «የትኛውን ፋሲካ ነው ያሉት?» ብዬ በትሕትና ጠይቄያት ነበር። ሴትዮዋ አየችኝና «አንድ አይደለም እንዴ?» አለች። ተስፋዬን ቆጥቤ ወጣሁ።

እንግዲህ ሌሎቹ ሰዎች እነማን ናቸው?

እዚህ ላይ አስተዋይ ባል ቢሆን ማስረጃውን አውጥቶ ያነባል። እኔ ግን ሪፖርተር ነኝ፤ የመጀመሪያው ደንብ ባለጉዳዩን በቀጥታ መጠየቅ ነው። ደወልኩ።

«ሰኒ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«እሺ የኔ ጌታ፣ ጠይቅ።»

«አብረውሽ ያሉት እነማን ናቸው?»

«የት?»

«እዚያ።»

ማቀዝቀዣው አጉረመረመ። ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። «ማንም የለም። ምን አየህ?»

«የኖርዌይ መንግሥት ብዙ ሰዎች እንዳሉ ደርሶበታል» አልኩ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ከአፌ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ። መመለስ ግን አልቻልኩም።

ሰናይት መነጽሯን አወለቀች። መነጽሯን የምታወልቀው ዝንብ ለማየትና ለመቆጣት ነው፤ እዚያ አካባቢ ደግሞ ዝንብ አልነበረም። «ይህን የሚጠይቁኝ በባልነትዎ ነው ወይስ በጋዜጠኝነትዎ?» አለች።

እርስዎ አለችኝ።

ይህ ቃል በእኛ ቤት ታሪክ አለው። የተዋወቅነው ለዜና ልጠይቃት ቤተ ሙከራዋ በሄድኩ ጊዜ ነው። እኔ «እርስዎ ዶክተር»፣ እሷ «እርስዎ ጋዜጠኛ» እየተባባልን ስለ ቁንጭር አንድ ሰዓት አወራን። ስጨርስ የመቅረጫዬን ገመድ ስሰበስብ ክንዴን ጠረጴዛዋ ላይ ባለች ትንሽ የእንጨት ሣጥን ላይ አሳረፍኩ። በሣጥኗ ውስጥ በመስታወት ላይ የተለጠፉ፣ የሁለት ዓመት ልፋቷ የሆኑ ዝንቦች ነበሩ። «አንተ! ቀስ! አትንካው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ደንግጣ «ይቅርታ... እርስዎ» አለች። እኔም «የለም፣ እንደ መጀመሪያው ይሻላል» አልኩ። ዕድሜ ልኬን ከተናገርኳቸው ንግግሮች ሳልዘጋጅ የተሳካልኝ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተና አንቺ ነን። ናይሮቢም፣ ስልክ ውስጥም፣ ኩርፊያ ላይም አንተና አንቺ ነን።

አሁን እርስዎ ሆንኩ።

ስልኩ ሲዘጋ ማስረጃውን አወጣሁ። እዚህ ላይ የወረቀቱን ታሪክ ላስረዳ፤ አጭር ነው፤ ለእኔም አያኮራኝም። ሰናይት ለተቋሟ ኃላፊ «ዝርዝር የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጻፍልኝ» ስትል፣ ኃላፊው እንደ ሁላችንም ኃላፊዎች «ረቂቁን አዘጋጅተሽ አምጪ፣ ማኅተም አደርግበታለሁ» አሏት። እሷ የዓመታት የመስክ ሪፖርቶቿን ለእኔ ላከችና «አንተ ጻፈው፣ አማርኛው ያምርልኝ። ደግሞ ብቻዬን የሠራሁ አታስመስለኝ፣ ሰው ይታዘበኛል» አለች። እኔም ከኦስሎ ሆኜ ጻፍኩት። ደሴ ሄደ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ተመለሰ፤ ወደ ኖርዌጂያንኛ ተተረጎመ፤ ገባ።

አማርኛውማ አምሯል። የሚጀምረው «ዶክተር ሰናይትና ባልደረቦቻቸው» ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ በዜና አጻጻፍ ወርዷል፦ አጥንተዋል፤ ሰብስበዋል፤ መርምረዋል፤ ደርሰውበታል። እኔ በተማርኩበት የዜና ክፍል የተከበረ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጻፈው። «አጥንቷል» ብሎ ስለ አንድ ዶክተር የጻፈ ጀማሪ ሪፖርተር ወረቀቱ ፊቱ ላይ ይጣልበት ነበር። ነጠላ የሚሆኑት ሯጮችና ሌቦች ብቻ ነበሩ። እና እኔ ሚስቴን ሌባ ላደርጋት ነው? አከበርኳት።

ቲ-ባነውን፣ የከተማውን ባቡር፣ ይዤ ተርጓሚዋ ዘንድ ሄድኩ። ሩት ትቬይታ በሚባለው ሰፈር ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ትኖራለች፤ ሁለት ልጆች ያሏት፣ በሦስት ዓመቷ እዚህ የመጣች፣ የተርጓሚነት ፈተናውን ያለፈች ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው። የተማረችው ግን ከእናቷ ጋር እየተጣላች ስለሆነ «አንቺ» ላይ ነው የሚበረታው።

«ሩትዬ፣ እዚህ ጋ 'አጥንተዋል' የሚለውን ምን ብለሽ ተረጎምሽው?»

«'ዲ' ነዋ። እነሱ። አጥንተዋል፣ ብዙ ናቸው።»

«ብዙ አይደሉም! አንድ ሴት ናት።»

«ናይ ናይ፣ አይደለም፣ ጋሼ፣ እዩት እስቲ።» ጣቷን አስቀመጠች። «'ዶክተር ሰናይትና ባልደረቦቻቸው' ይላል። ከዚያ አጥንተዋል፣ ሰብስበዋል፣ ገብተዋል፣ ወጥተዋል። ማን ነው የገባው? ሁሉም።»

«አክብሮት ነው፣ ልጄ! አክብሮት!»

«ያ፣ ገባኝ። ግን አክብሮት ስንት ሰው ነው?»

ይህን እስከዛሬ አላጣራሁም።

«ቆይ» አለች ሩት፣ ሳቋን ልትይዝ እየሞከረች፣ «ሚስትዎን ቤት ውስጥም እሳቸው ነው የሚሏት? 'ቡና ጠጥተዋል ወይ?' እያሉ?»

«ቤት ውስጥ የለችም» አልኩ። ሩት ሳቋን አቆመችና ሻይ ልታፈላ ተነሳች።

ሻይ እየጠጣን በአንድ ነገር ተስማማን፤ «ዲ» የሚለውን ሁሉ አውጥተን በነጠላ ሴት እንተካለን። የኖርዌጂያንኛው ነጠላ ሴት «ሁን» ነው። «ሁሉንም ሁን አድርጊው» አልኳት። «ሁን ካልኩት ይሆናል» አለች። በዚያው ቀን ላክነው። ወደ ቤቴ ስመለስ በፉሩሴት ጣቢያ ደረጃ ላይ እያፏጨሁ እንደነበር አስታውሳለሁ። ውጪው በረዶ ነበር፤ ለሰናይት ከሁለት ክረምት በፊት የገዛሁላት ቦት ጫማ በራፌ ላይ ቆሟል። ልኩ ሠላሳ ሰባት ይሁን ሠላሳ ስምንት ተጠራጥሬ ሁለቱንም ገዝቼ ነበር። ሁለት ጥንድ የሴት ቦት በራፍ ላይ ቆሞ ያየ እንግዳ ስንት ሰው ነው የሚኖረው ብሎ ይጠይቃል። አሁን ሳስበው መሥሪያ ቤቱ ላይ መፍረዴ ልክ አልነበረም።

ማታ ደወልኩላትና ስህተቱ ከአክብሮት እንደመጣ አስረዳሁ። ሰማች። ሳቀች። ከሳምንታት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

«ታዲያ ታረቅን?» አልኩ።

«ታርቀናል። ግን ነገሩ በአክብሮት ከተጀመረ በአክብሮት ነው የሚጠናቀቀው። እዚያ እስክደርስ እርስዎ ነዎት።»

«ሰኒ፣ ተይ እንጂ።»

«ደህና ይደሩ።»

የካቲት ገባ። ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። «በተሻሻለው ትርጉም መሠረት አመልካቿ በአንድ ቀን በሁለት ወረዳዎች ውስጥ ተገኝታለች። ሁለት መኪናዎችን አሽከርክራለች። በተጨማሪም 'ሁን' በሥራው አካሄድ ላይ ተወያይታ ከስምምነት ላይ ደርሳለች። ከማን ጋር?» መልስ መስጫው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው።

ማስረጃውን እንደገና አነበብኩት። ልክ ናቸው። ሾፌሩን ሚስቴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ድንኳን የሚሸከሙትን ሁለት ሰዎችም እሷ ውስጥ ከትቻለሁ። የወረዳውን ጤና ባለሙያ፣ ገደሉን የሚያሳዩትን ሽማግሌ፣ ሁሉንም። ሰናይት ብቻዋን ተሰብስባ፣ ብቻዋን ተወያይታ፣ በሙሉ ድምፅ ተስማምታለች።

በዚያ ሰሞን ፉሩሴት የገበያ ማዕከል ውስጥ አቶ ተኽለን አገኘኋቸው። አቶ ተኽለ ጎረቤቴ ናቸው፤ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ እዚህ በአዛውንቶች መጦሪያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው። ሁልጊዜ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚገባ የሚወጣውን ይቆጣጠራሉ።

«ጋዜጠኛ! ፊትህ ምነው? ማን ሞተ?»

ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ስማ» አሉ፣ «እነዚህ ኖርዌጂያኖችም እኮ የማክበሪያ ቃል ነበራቸው። ያኔ ስመጣ መጦሪያው ውስጥ አንዲት የዘጠና ዓመት እመቤት ነበረች። አልጋዋን ሳነጥፍ 'ዲ' ትለኛለች። እናንተ፣ ቡና ትፈልጋላችሁ? እናንተ፣ መስኮቱን ክፈቱ። እኔ ከኋላዬ ማን ቆሟል ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም። ለካ እኔን ነው። የጥንት ሰው እንዲህ ነበር የሚያከብረው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሞተች። ከእሷ በኋላ ሁሉም አንተ ይለኛል፤ የሃያ ዓመቱም፣ ሐኪሙም፣ የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሰውም።» አንድ የሚያልፍ ሰው በዓይናቸው ሸኙና «ብዙ የሆንኩት ከእሷ ጋር ብቻ ነበር» አሉ።

ያን ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ምን ብዬ እንደምጽፍ ገባኝ። አንድ ችግር ግን ነበር። የትኛው «አጥንተዋል» አክብሮት፣ የትኛው «አጥንተዋል» እውነተኛ ብዙ እንደሆነ ጸሐፊው ራሱ አያውቅም። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ሪፖርቶቿን ሳነብ ሁሉም ነገር በዚያው በተከበረ ቋንቋ ተጽፎ ነበር፤ እኔም አማርኛው አምሮኝ ማን ምን እንዳደረገ ሳልጠይቅ አልፌአለሁ። ያላጣራሁትን አልጽፍም ያልኩት እኔ፣ የገዛ ሚስቴን ሳላጣራ ጽፌአለሁ።

ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደገፍኩና መስመር በመስመር ጀመርን።

«'የወጥመዱን ወረቀት ዘይት ቀቡ።'»

«እኔ።»

«'ወደ ገደሉ በገመድ ወረዱ።'»

«እኔ።»

«በገመድ?»

«ሌላ ደረጃ የለውም፣ ጋዜጠኛው። ይጻፉ።»

ጻፍኩ። «'መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲያዝ ገፉት።'»

«እኔና ድንኳን የሚሸከሙት ሁለቱ ልጆች። ይመር መሪ ላይ ነበር።» ይመር ሾፌሩ ነው። «ጭቃው አንዱን ጫማዬን ወሰደው። በአንድ ጫማ ነው ቀኑን የዋልኩት።»

«ሠላሳ ሰባት ነው ሠላሳ ስምንት?»

«ምኑ?»

«ጫማሽ።»

«ሠላሳ ስምንት። ይህም ማስረጃው ላይ ይገባል?»

«አይገባም» አልኩ። ግን ጻፍኩት።

እንዲህ እያልን ቀጠልን። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ አውርተን አናውቅም። ስንደዋወል «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በረደ፣ ዘነበ» ነው የምንባባለው፤ ናፍቆት ወሬ ያሳጥራል። አሁን መንግሥት ስለጠየቀን የት እንዳደረች፣ ምን እንደበላች፣ ከማን ጋር እንደሳቀች ሰማሁ። ዋሻ ውስጥ ዝናብ ሲያበቃ እየጠበቀች የዘፈነችውን ዘፈን ጠየቅኳት። መሥሪያ ቤቱ አልጠየቀም። ነገረችኝ። ከመስኮቴ ውጪ የፉሩሴት ፎቆች መብራታቸውን እያበሩ ነበር። ሳላስበው ጥያቄው እንዳያልቅ ቀስ ብዬ ማንበብ ጀምሬ ነበር።

«ሰኒ፣ ይኼ ሽማግሌ ማነው?»

«የቱ ሽማግሌ?»

«እዚህ የታመሙት። 'አንድ ተመራማሪ በመስክ ላይ ሳሉ ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ ካገገሙ በኋላም ወደ ሥራቸው ተመለሱ' ይላል። የሥራውን ከባድነት ያሳያል ብዬ ያስገባሁት ነው።» ስጽፈው መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የወረደ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰውዬ ታይተውኝ ነበር። አዝኜላቸውም ነበር። «ዳኑ እሳቸው?»

የሰናይት ፊት ቀጥ ብሎ ቀረ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ዓይኗ ግን ይርገበገብ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

አማርኛ ሲያከብር ወንድና ሴትም አይለይም። ይህን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«በምን?» አልኩ።

«ታይፎይድ።»

«መቼ?»

ነገረችኝ። ያንን ሰሞን አስታወስኩት። በየቀኑ «ደህና ነኝ፣ እዚህ ኔትወርክ የለም» የሚል አጭር መልእክት ይደርሰኝ ነበር። እኔም እዚህ ቁጭ ብዬ ስለ ኔትወርኩ አማርሬአለሁ።

«ማን አስታመመሽ?»

«ይመር ሾርባ ያመጣልኝ ነበር። መልእክቱንም የሚልክልዎ እሱ ነበር፤ እጄ ስልኩን አይዝልኝም ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቢነገርዎት ምን ያደርጉ ነበር?»

ይህ እርስዎ ቀልድ ይሁን አይሁን መለየት አልቻልኩም። አልጠየቅኳትም። ከመስመሩ ትይዩ፣ «ተመራማሪ» ከሚለው ቃል አጠገብ «እሷ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍን፤ «ናሙናዎቹን ለዩ» ይል ነበር፤ እሱም እሷ ነበረች።

በማግስቱ ሩት ዘንድ ሄድኩ። ከእያንዳንዱ ግሥ አጠገብ ማን እንደሆነ ጽፈን ላይኛው ክፍል ላይ አንድ ማብራሪያ ጨመርን። እኔ በአማርኛ ተናገርኩ፣ እሷ በኖርዌጂያንኛ ጻፈች፦ «በአማርኛ አንድ ሰው ሲከበር በብዙ ቁጥር ይጠራል። ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ አያቶቻችሁ እንግዳ ሰውን 'ዲ' ይሉ እንደነበረው ማለት ነው። ማስረጃውን ያረቀቀው የአመልካቿ ባል ነው። አመልካቿን ያከብራል። አመልካቿ አንድ ሰው ናት።»

ሩት አንብባ ጨረሰችና «ጋሼ፣ 'ያከብራል' የሚለው ያስፈልጋል? ጉዳዩን አይረዳም እኮ» አለች።

«ይቆይ» አልኩ።

«ያ፣ ይቆይ» አለች፤ ላከችውም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ጠዋት ኦከርን በሚባል ሰፈር ያሉ ቢሮዎችን አጸዳለሁ፤ ከሰዓት ለአንድ የአማርኛ ራዲዮ ዜና እሠራለሁ፤ በመሃል መልእክት መግቢያዬን እከፍታለሁ። የራዲዮው ዜና ላይም ችግር ጀመረኝ። «ሚኒስትሩ ገለጹ» ብዬ ስጽፍ «ስንት ሆነው?» ይለኛል ውስጤ። አንድ ቀን «ሚኒስትሩ ገለጸ» ብዬ ላክሁ፤ አርታኢያችን ደውሎ «ሰውዬው ታሰሩ እንዴ?» አለኝ።

ሰናይት በበኩሏ ይዛቸው ልትመጣ ለምትፈልጋቸው ዝንቦች የናሙና መውጫና መግቢያ ፈቃድ ጠየቀች። እነዚያ በእንጨቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት፣ የሞቱት፣ መስታወት ላይ የተለጠፉት ናቸው። የዝንቦቹ ፈቃድ በአንድ ሳምንት ደረሰ።

«እንኳን ደስ ያላቸው» አልኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ ብለዋል» አለች። «በብዙ ቁጥር ናቸው፤ ማንም አልጠየቃቸውም።»

የእነሱ ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀር መልሱ መጣ። ቲ-ባነ ውስጥ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛውን ለማረጋገጥ አጠገቤ ለተቀመጠች ለማላውቃት ኖርዌጂያዊት ስልኬን ሰጥቼ «ምን ይላል?» አልኳት። «ተፈቅዷል ይላል» አለችና፣ ትንሽ አስባ፣ «እንኳን ደስ አለህ» አለችኝ። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ለሰናይት ደወልኩላት። መልሱን አነበብኩላት፤ ከጀርባዋ ማቀዝቀዣው አጉረመረመ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለች በመጨረሻ።

«አሁንም?»

«እስክደርስ ብያለሁ።»

ሠላሳ ሰባቱን ቦት ለሩት ሰጠኋት። ሠላሳ ስምንቱን በከረጢት አድርጌ ያዝኩት። አቶ ተኽለ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ከአግዳሚ ወንበራቸው ሆነው «ዛሬ ስንት ሰው ነው የምትቀበለው?» አሉኝ። «አንድ» አልኳቸው። «አጣርተሃል?» አሉ።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከመውጫው በር ፊት ለፊት ቆምኩ። በሩ ይከፈታል፤ ሌላ ሰው ይወጣል፤ ይዘጋል። የሰዎችን ፊት በየተራ አየሁ። ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ የሚፈልጉትን ገና አላገኙም።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዶክተር ሰናይት በበሩ ወጡ። ብቻቸውን ነበሩ። በአንድ እጃቸው ሻንጣ ይጎትታሉ። በሌላው እጃቸው ትንሿን የእንጨት ሣጥን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘዋል። ከስተዋል፤ ፀጉራቸው ከግንባራቸው በላይ ሽበት አውጥቷል። እኔ የቦቱን ከረጢት ጣልኩና ልረዳ እጄን ወደ ሣጥኑ ዘረጋሁ።

«አንተ!» አለችኝ። «ቀስ! አትንካው!»